የዘገየው አለልኝ

ስሙን የማልጠራው አንድ አገር ነበረ። የማልጠራው ረስቼው አይደለም፤ አንዳንድ ስም ሲጠራ ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ ስለሚያይ ነው። እናንተ ደስ ያላችሁን ስም ስጡት፤ እኔ የሰማሁትን ላውራችሁ።

የዚያ አገር ንጉሥ ማሠራት ይወድ ነበር። ግንብ ያሠራል፣ አደባባይ ያሠራል፣ ከዚያ ግንቡ አደባባዩን ጋረደው ይልና ግንቡን አስፈርሶ ሌላ ያሠራል። ሥራ ባለበት መቼም አደጋ አይታጣም። ድንጋይ ይንሸራተታል፣ ገመድ ይበጠሳል፣ ሰው ይወድቃል። ሬሳ ደግሞ ምርቃት ያበላሻል። ስለዚህ አማካሪዎቹ መክረው ዘክረው አንድ አዋጅ አወጡ፦ «በንጉሥ ሥራ ላይ ማንም አይሞትም።» ነጋሪት ተጎሰመ፣ ሕዝቡም እልል አለ። ከእንግዲህ ጥንቃቄ ሊደረግልን ነው ብሎ ነበር የተረዳው፤ የዋህ ሕዝብ ነው።

ነገሩ የገባው ኋላ ነው። በንጉሥ ሥራ ላይ ማንም ስለማይሞት፣ የሞተው ሰው አልሞተም ማለት ነው። ታዲያ የት ሄደ? ዘግይቷል። እንዲህ ነበር ለቤተሰቡ የሚነገረው፦ ዘግይቷል፣ ይመጣል፣ ራቱን ክደኑለት። ለዘገየ ሰው ድንኳን አይተከልም፣ ደረት አይመታም፣ መቃብር አይቆፈርም። በእናቶች ዓይን ላይ እንባ አይቶ፣ ሽንኩርት መክተፍ የበዛበት አገር ነው ብሎ የጻፈ አንድ እንግዳ መንገደኛ ነበር ይባላል።

ሐዘን ግን አንዴ ከገባ መውጫውን ይፈልጋል። አዋጁ ልቅሶን እንጂ ተረትን አልከለከለም። ሰዉ ይህን ቀዳዳ ካገኘ በኋላ የመንፈስ ተረት ማውራት ጀመረ። የዘገየ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ አንድ መንፈስ አበጀ። በግንቡ ጫፍ የሚያፏጭ መንፈስ አለ፤ የሚያፏጨውም እዚያ የዘገየው አናጢ በሕይወት ሳለ ያፏጨው የነበረውን ዜማ ነው። በአደባባዩ ሥር ድንጋይ የሚፈልጥ መንፈስ አለ። ሰው ተሰብስቦ ይሰማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ በድንጋጤ ስም ያለቅሳል፣ ቀለል ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል። ባለሥልጣኖቹም፣ ሕዝባችን ተረት ይወዳል እያሉ ለእንግዳ ይናገሩ ነበር።

ከእነዚህ ተራኪዎች አንዷ ውዳላት ናት። ቀን ቀን በትልቁ ድልድይ አፍ ላይ ቆሎ ትሸጣለች፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ እዚያው ተቀምጣ የድልድዩን መንፈስ ታወራለች። መንፈሱ ወንድሟ ነው፤ አለልኝ ይባላል። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ወንድምሽ ብሎ አያነሳባትም።

ተረቱ እንዲህ ነው። አለልኝ ግንበኛ ነበር። ማታ ሥራ ሲያበቃ ካቦው ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ የሠራተኛውን ስም በቃሉ ይጠራል። የተጠራው «አቤት» ይልና በእንጨቱ መወጣጫ ይወጣል። የሁሉም ስም ሲያልቅ መወጣጫው ይነቀላል። በምርቃቱ ዋዜማ ካቦው ቸኮለ። ንጉሡ ማለዳ ሲመጣ እንጨት ማየት አይፈልግም ተብሎ ነበር። ስም ሲጠራ አለልኝን ዘለለው። አለልኝ ሥር ሆኖ የመጨረሻውን ድንጋይ እየሞላ ተራውን ይጠብቅ ነበር፤ ሳይጠራ የሚወጣ ሰው አልነበረም። መወጣጫው ተነቀለ። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

«በድልድዩ ስታልፉ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ» ትላለች ውዳላት። «ከሥር ‹አቤት› የሚል ትሰማላችሁ። እስኪጠሩት የሚጠብቅ ሰው ነው። ቀሪ እንዳይባል እኛ እንጥራው።» ከዚያ ድምጿን ከፍ ታደርግና «አለልኝ!» ብላ ትጣራለች። የተሰበሰበው ሁሉ በአንድ አፍ «አቤት!» ይልለታል። ተረቱ በዚህ ያልቃል። ውዳላት መቃብር የላትም፣ የወንድሟ ፎቶ የላትም። ያላት ይህች ጥሪ ብቻ ነች፤ ከዚህች ጥሪ ሌላ ምንም አትፈልግም ነበር።

እንዲህ ሲኖሩ ሲኖሩ አገሩ ይዘመን ተባለ። መብራት ገባ፣ ስልክ ገባ፣ ባለሥልጣኑ ሁሉ ጥቁር መነጽር አደረገ። በአንድ ስብሰባ ላይ ንጉሡ፣ «መንፈሶቻችን ኋላ ቀር ናቸው አሉ» ብሎ ጣል አደረገ። ንጉሥ ጣል ያደረገውን የሚያነሳ መቼ ጠፍቶ፤ በማግስቱ የአስፈሪ ተረቶች ማዘመኛ ቦርድ ተቋቋመ። ሊቀ መንበሩ «ሊቀ ድንጋጤ» የሚል ማዕረግ ተሰጠው። ይኸውም አሳምረው ነው፤ የድልድዩ የያኔው ካቦ። ከካቦነት ወደ ሹመት ያሻገረው ድልድዩን በሰዓቱ ማስረከቡ ነበር።

ቦርዱ ደንብ አወጣ። መንፈስ ስም አይኖረውም። መንፈስ ውሃ አያንጠባጥብም፣ አያቃስትም፣ ስለ አሟሟቱ አያነሳም፤ በዚያ አገር መሞት የተለመደ ስላልሆነ። መንፈስ ለወጣቱ ትምህርት ይሰጣል። ተረቱ ሲያልቅ መንፈሱ ያመሰግናል። ድንጋጤም ልክ አለው፦ ሰሚዎች ሙሉ ኩባያ ውሃ በእጃቸው ይዘው ይቀመጣሉ፤ ድንጋጤ መጣኞች የሚባሉ ሹሞች እየዞሩ የፈሰሰውን ያያሉ። ምንም ካልፈሰሰ ተረቱ ደካማ ነው። ቀሚስ ካራሰ ደግሞ አመፅ ነው። የግንቡ መንፈስ በዚህ ደንብ ታድሶ ማፏጨቱን ተወና፣ ከምግብ በፊት እጃችሁን ታጠቡ እያለ ማስፈራራት ጀመረ።

የድልድዩ መንፈስ ተራ ደረሰና ውዳላት ቦርዱ ፊት ቀረበች። ተረቷን አወራች፤ ስሙ ላይ ስትደርስ ጥሪውን በልቧ ብቻ ጠርታ አለፈች። መጣኞቹ ኩባያቸውን አዩ። አሳምረው የራሱን ኩባያ ገና ከመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ነበር።

ቦርዱ ውስጥ ተረት የምታድስ አንዲት የተማረች ወጣት ነበረች፤ ዘመናይ ትባላለች። ክፋት የላትም፤ የተሰጣትን ሥራ ከልቧ የምትሠራ ልጅ ናት።

«እትዬ ውዳላት፣ ተረትዎ ግሩም ነው» አለቻት። «ግን የዛሬ ወጣት ድልድይ ሥር ያለ ነገር አይፈራም።»

«ምን ይፈራል ልጄ?»

«ስልክ። የማያውቀው ሰው ሲደውልለት ይደነግጣል። ስለዚህ መንፈሱ ይደውል። ‹አቤት›ም የድሮ ነው፤ ‹ሃሎ› ይበል።»

«ወንድሜ እኮ ስልክ አልነበረውም።»

 አሳምረው ከመነጽሩ በላይ አያት። «ወንድምሽ አልሽ? ወንድምሽ መንፈስ ነው? ሞቷል ነው የምትይው?»

«መንፈሱ ማለቴ ነው ጌታዬ። ምላስ ወለም ሲለው ነው» አለች ውዳላት።

«ምላስሽን ያዝ አድርጊው» አለና አሳምረው ወደ ዘመናይ ዞረ። «ሥር የቀረበት ነገርስ? መወጣጫ ምናምን የሚባለውን ዛሬ ማን ያውቃል?»

«እሱን አስቤበታለሁ» አለች ዘመናይ። «ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ቢሆን ጥሩ ነው። ሙዝ። ሰውየው ድልድዩ ላይ ሙዝ በልቶ ልጣጩን ይጥላል፤ ዞር ሲል በራሱ ልጣጭ አዳልጦት ይወድቃል። ከዚያ ወዲህ ቆሻሻ የሚጥል ሰው ጋ ሁሉ እየደወለ ያስፈራራል። ትምህርትም አለው፣ ያስቃልም።»

ቦርዱ ሳቀ፤ አሳምረውም ረዥም ሳቅ ሳቀ። ውዳላት ይህን ጊዜ ተነሳች። ወንድሟ ሙዝ በልቶ አያውቅም፤ ለሙዝ የሚተርፈው ደሞዝም አልነበረውም። ከጥፋቱ ሁሉ የከፋባት ግን ሌላ ነው፦ ገደሉ ሥር ተራውን የጠበቀ ሰው፣ አሁን በራሱ ጥፋት የወደቀ ቀልደኛ ሊሆን ነው። 

«እኔ ይህንን አላወራም» አለች። «ሌላ ሰው ፈልጉ።»

«አላጣንም» አለ አሳምረው። «የቴአትር ቤት ልጆች ሞልተዋል። አንቺ ግን ከዛሬ ጀምሮ የድሮውን አንዲት ቃል ስታወሪ ብትገኚ፣ ቆሎውንም ሌላ ይሸጠዋል። መሄድ ትችያለሽ። በይ ዘመናይ፣ ምስጋናውን አንብቢና እንጨርስ።»

ውዳላት ነጠላዋን እያጣፋች ወደ በሩ አመራች። ዘመናይ ከኋላዋ የመንፈሱን ምስጋና አነበበች፦ «ድልድይ አለኝ፣ መንገድ አለኝ፣ ንጉሥ አለኝ።»

«ቆይ ቆይ» አለ አሳምረው። «ንጉሥ አለኝ? እንደ በሬ? በሬ አለኝ፣ ላም አለኝ፣ ንጉሥ አለኝ? ተራ ሰው ንጉሥ ሊኖረው ነው? ንጉሡ የእኛ ሳይሆኑ እኛ ነን የንጉሡ።»

ቦርዱ ደነገጠ። የማንንም ኩባያ ያየ አልነበረም እንጂ ውሃ ሳይፈስ አልቀረም።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለች ዘመናይ።

አሳምረው ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። ቋንቋ ማረም የሚወድ ሰው ነበር፤ በካቦነቱ ዘመንም ለአንዲት የተሳሳተች ቃል ሥራ ግማሽ ቀን የሚያስቆም ነበር። «አንዲት ፊደል ነው የጎደለችው። ‹ል› ጨምሪበት። ንጉሥ አለልኝ። አየሽ? አሁን ባለቤትነት ሳይሆን ውለታ ሆነ። ለእኔ ብሎ አለልኝ ማለት ነው።»

«ንጉሥ አለልኝ» ብላ ዘመናይ ጻፈችው። ቦርዱም ግሩም ነው፣ ግሩም ነው አለ።

የውዳላት እጅ የበሩን እጀታ እንደያዘ ቀረ። በዚያ አገር ፊደል የሰው ስምና ሌላው ቃል አንድ ዓይነት ነው የሚጻፈው። አሳምረው በደንቡ ያንን ስም እንደ ስም አሳድዶታል፤ እንደ ውለታ ለብሶ ሲመጣ ግን አላወቀውም። በገዛ አፉ አስገባው። ውዳላት ፊቷን እንደ ቆሎ ሻጭ አደረገችው፤ ሰው ስለ ስፍሩ ሲከራከራት እንደምታደርገው።

«ጌታዬ» አለች ዞር ብላ፣ «ሳስበው እኔው ባወራው ይሻላል። ሰዉ የእኔን ድምፅ ለምዶታል።»

«አእምሮሽ ተመለሰ» አለ አሳምረው። «እንዳለ ነው የምታወሪው። አንዲት ቃል ሳትጨምሪ፣ አንዲት ቃል ሳትቀንሺ።»

«እንዳለ» አለች ውዳላት።

የድልድዩ ክብረ በዓል ቀን ደረሰ። ንጉሡ በድልድዩ ማዶ ከዳስ ሥር ተቀመጠ። ሕዝቡ ኩባያ ኩባያውን ይዞ ወንዝ ዳር ድረስ ሞላ። ከፊት የዘገዩ ሰዎች ቤተሰቦች ነበሩ፤ ከነሱም መካከል አባባ ጓንጉል አሉ። አባባ ጓንጉል ልጃቸው በአደባባዩ ሥራ ላይ የዘገየባቸው፣ ጆሯቸው ያረጀ ሽማግሌ ናቸው። የውዳላትን ተረት አንድም ማታ ቀርተው አያውቁም፤ ከጥሪዋ በስተቀር ግን የሚሰሙት አልነበረም።

ውዳላት ጀመረች። ስልኩን አወራች፣ ሃሎውን አወራች። ሙዙ ላይ ስትደርስ ድምጿ ሻከረ። «በራሱ ልጣጭ አዳልጦት ወደቀ» አለች። ከሹሞቹ ወገን ሳቅ መጣ። ከፊት ያሉት ግን አቀረቀሩ። አንዲት ሴት፣ «ሸጠችው» ስትል ውዳላት በጆሮዋ ሰማች። አፈረች። እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም። ሮጣ ብትሄድ በወደደች ነበር፤ ግን የቀራት አንድ መስመር ብቻ ነው።

«ድልድይ አለኝ» አለች። «መንገድ አለኝ።» ከዚያ «ንጉሥ» የሚለውን ለራሷ እንደሚናገር ሰው በቀስታ አለችው። ትንፋሿን ሰበሰበችና ወደ ገደሉ ዞራ፣ ባላት ድምፅ ሁሉ፣

«አለልኝ!» አለች።

አባባ ጓንጉል ስልኩንም ሙዙንም ንጉሡንም አልሰሙም። የሰሙት ይህንን ብቻ ነው። እንደ ልማዳቸው ቀና ብለው «አቤት!» አሉ። ብቻቸውን ነበሩ፤ ድምፃቸው በገደሉ ውስጥ ዞረ። ከዚያ «ሸጠችው» ያለችው ሴት ገባትና «አቤት!» አለች። ከዚያ ያ ሁሉ ሕዝብ «አቤት!» አለ። ኩባያ ሁሉ ተደፋ፤ መጣኞቹ ማንን እንደሚጽፉ ጠፋቸው።

ንጉሡ ከወንበሩ ተነሳ። «ማን ጠራቸው?» አለ። «አሳምረው፣ ይሄ ሕዝብ አቤት የሚለው ለማን ነው?»

አሳምረው ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ስሙን ሰምቶታል፤ እንደ ስም ሰምቶታል። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ግን ምን ይበል? ስም ነው ቢል፣ የማን ስም ይባላል። የግንበኛ ቢል፣ የታለ ይባላል። ሥር ቀርቷል ቢል፣ በንጉሥ ሥራ ላይ ሰው ሞተ ማለት ነው፤ የሚቀጥለው ጥያቄ ደግሞ ካቦው ማን ነበር የሚል ነው። «ል»ን ማን ጨመረ የሚልም አለ።

«ለእርስዎ ነው፣ ንጉሥ ሆይ» አለ። «ንጉሥ አለልኝ ሲባል፣ ሕዝቡ አቤት፣ ታዛዥ ነን ማለቱ ነው።»

ንጉሡ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሰው ወዶኝ አያውቅም እያለ ሲጠረጥር የኖረ ሰው ነበር። «ይህንን ያሰበው ማን ነው?» አለ፤ ዘመናይም ልጅ ናትና እውነቱን ተናገረች፦ «ሊቀ ድንጋጤ ናቸው። አንዲቷን ፊደል የጨመሩት እሳቸው ናቸው።» እዚያው አዋጅ ወጣ። በየማለዳው፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ በዚህ ድልድይ ላይ ልክ እንደዛሬው ይጠራል፦ ንጉሥ በቀስታ፣ አለልኝ በጩኸት፣ ወደ ገደሉ ዞሮ። ሕዝቡም አቤት ይላል። የሚጠራውም ቃሉን ያመጣው አሳምረው ራሱ ይሆናል። ለውዳላትም ስለ አተራረኳ አንድ ቅርጫት ሙዝ ተሰጣት።

እሷም ሙዙን ለሰፈር ልጆች አድላ ወደ ቆሎዋ ተመለሰች።

አሳምረው መጥራት ጀመረ። መጀመሪያ ሰሞን ቶሎ ቶሎ ብሎ ይጨርስና ሳይዞር ይሄድ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ጥሪው እየረዘመ መጣ። ከጠራ በኋላ ሰዉ መልሶ ሲበተን፣ እሱ የድልድዩን ድጋፍ ይዞ ወደ ታች ጎንበስ ይላል። አንድ ቀን ወደ ውዳላት ቆሎ መጣ። አልገዛም፣ አልተቀመጠም።

«ውዳላት» አለ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰዉ ዝም ካለ በኋላ፣ ከሥር… ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

ውዳላት ልትዋሽለት ትችል ነበር። በዚያች ሰዓት ልታስፈራራው፣ ልትበቀለው የምትችልበትን ተረት ሁሉ ታውቃለች። ደከማት።

«እኔ ሰምቼ አላውቅም» አለችው። «ሰው ሲመልስለት ነው የምሰማው። እርስዎ ይሰማሉ?»

አሳምረው ከቆሎው አንዲት ፍሬ አንስቶ፣ ሳይበላ በጣቶቹ እያሻሸ ሄደ። በሳምንቱ ጉሮሮዬን አሞኛል፣ ሌላ ሰው ይተካልኝ ብሎ ለንጉሡ አመለከተ ሲባል ተሰማ። ንጉሡ አልፈቀደም። «እንዳንተ አድርጎ የሚጠራው የለም» አለው ይባላል። «አንተ ስትጠራው እውነትም ሰው የጠፋብህ ነው የምትመስለው።»

በማግስቱ ማለዳ አሳምረው ድልድዩ ላይ ቆመ። «ንጉሥ» የሚለውን ማንም አልሰማውም። «አለልኝ!» ሲል ግን ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ካቦ ወደ ገደል ለሠራተኛው እንደሚጣራው፣ ና ውጣ፣ መሸ እንደሚለው ሆኖ ወጣ። በምርቃቱ ዋዜማ ማታ ሊጠራ ይገባው የነበረው ጥሪ ይህ ነበር። ውዳላት ሰውየውን እንደጠላችው ናት፤ ይቅርም አላለችውም። ግን ይህን ጥሪ ስንት ዘመን እንደጠበቀችው ያወቀችው ገና አሁን ነው። «አቤት» ልትል አፏን ስትከፍት ልቅሶ መጣባት። ሽንኩርት አልነበረም፣ ተረትም አልነበረም። በጠራራ ፀሐይ፣ በሕዝብ መካከል፣ ደረቷን እየመታች አለቀሰች።

ዘበኛው ሰውን እየገፈተረ መጣ።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ ሴት? ሰው ሞቶብሽ ነው?»

«አዎ» አለች ውዳላት።

«ማን ሞተብሽ?»

«አለልኝ።»

ዘበኛው ግንባሩን ቋጥሮ ቃሉን ከማለዳው ጥሪ ጋር አገናኘው። ከዚያ ፊቱ ፈታ አለ፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ በአክብሮት ባርኔጣውን አነሳላት።

«አለልን እንጂ እናቴ» አላት። «ለሁላችንም አለልን።»